የተረከዜን ጅማት ሕመም እንዴት እንዳስታገስሁት

ሕመሙ የጀመረኝ ለታላቁ ሩጫ ስዘጋጅ ነው። ቤቴ ፒያሳ በመሆኑ ማለዳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ወርጄ መስቀል አደባባይ እሮጥ ነበር፤ ቀኑ ሲቃረብ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የምሮጠውን ርቀት እጥፍ አደረግሁት፣ ስመለስም ያንን ዳገት በሩጫ መውጣት ጀመርሁ። ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ፣ ከቀኝ ተረከዜ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያለው ጅማት እየተገተረ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ያስነክሰኝ ጀመር። ሰውነቴ ሲሞቅ ስለሚለቀኝ ቸል አልሁት።

ከዚያ በኋላ የፈጸምሁት ስሕተት ሙሉ ዕረፍት ነው። ሦስት ሳምንት አርፌ፣ ዳንሁ ብዬ ብሮጥ በማግስቱ ብሶ ተመለሰ። የሰፈራችን ወጌሻ ዘንድም ሄጃለሁ፤ በወለምታ ብዙ ሰው የረዱ፣ የማከብራቸው አባት ናቸው፤ የእኔ ጅማት ግን በኃይል በታሸ ቁጥር ይብስበት ነበር።

መንገዱን ያሳየችኝ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። «ወንድሜ፣ ጅማትህን ካላሠራኸው አይጠነክርም» አለችኝ። እንዳስረዳችኝ፣ ጅማት በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ክሮች የተሠራ ሲሆን ከጡንቻ ይልቅ ሸክምን ቀስ ብሎ ይላመዳል፤ ሸክሙ ከአቅሙ ቀድሞ ሲጨምር የክሮቹ አሰላለፍ ይዛባል፣ ዕረፍት ብቻ ሲሆን ደግሞ ሕመሙ ቢቀንስም አቅሙ አብሮ ይወርዳል።

የሰጠችኝ እንቅስቃሴ ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው የ12 ሳምንት ልምምድ ነው። በምኖርበት ፎቅ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቼ ቆሜ በሁለት እግሬ ከፍ እልና በታመመው እግር ብቻ ተረከዜን ቀስ አድርጌ ከጠርዙ በታች አወርዳለሁ፤ ጉልበት ተዘርግቶ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ታጥፎም እንዲሁ፣ ጠዋትና ማታ፣ በድምሩ በቀን 180 ጊዜ መሆኑ ነው። ሲቀለኝ መጻሕፍት የሞላሁበት ቦርሳ አዘልሁ። ሕመሙ ተረከዝ አጥንቱ ላይ ለሆነበት ሰው ግን ከጠርዙ በታች መውረድ ጅማቱን ስለሚጫነው አይመከርም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የሕመሙን መለኪያ መማሬ ነው። ሕመሙ ከዜሮ እስከ 10 ሲለካ፣ በልምምዱ ጊዜ እስከ 5 የሚደርሰው ይፈቀዳል፤ የሚፈርደው የማግስቱ ጠዋት ነው። ስለዚህ በየዕለቱ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ሕመም በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቁጥር እጽፍ ነበር፤ ከቀድሞው ቀን ከበለጠ ሸክሙን እቀንሳለሁ። እስከ አራተኛው ሳምንት ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ ተስፋ ልቆርጥ የተቃረብሁትም ያኔ ነው። በስድስተኛው ግን መውረድ ጀመረ።

በመካከሉ ሆዴን ታምሜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲታዘዝልኝ የጅማቴን ነገር ለፋርማሲስቱ በመናገሬ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ አስቀየረልኝ። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2008 ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዝዟል። እግሩን ከኋላ እንደተመታ ያህል ድንገት የተሰማውና በጣቶቹ መቆም የተሳነው ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።

ወደ ሩጫ የተመለስሁት መስቀል አደባባይ ሜዳው ላይ፣ አንድ ቀን እየዘለልሁ፣ እርምጃና ሶምሶማ እያፈራረቅሁ ነው። የቸርችልን ዳገት ሳላቋርጥ የወጣሁት በአምስተኛው ወር ሲሆን፣ ዛሬም በሳምንት ሁለት ቀን ቦርሳዬን አዝዬ ደረጃው ላይ እቆማለሁ።