አንድ መስመር ለአንድ ሳምንት፦ «አባታችን ሆይ»ን እንደገና መጸለይ የጀመርሁበት መንገድ

«አባታችን ሆይ»ን በቃሌ የያዝሁት ማንበብ ከመቻሌ በፊት ነው፤ በግእዝም «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ፣ እስከ «አሜን» ሳልሰናከል እወጣው ነበር። ካደግሁም በኋላ ጸሎቱ ከአፌ ተለይቶ አያውቅም፤ ማለዳ ስነሣና ማታ ስተኛ እደግመዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ጠዋት «አሜን» ካልሁ በኋላ መጀመሬን እንጂ መካከሉን ማለቴን ማስታወስ አቃተኝ። በማግስቱ ሰዓት አይቼ ብጀምረው ከመነሻው እስከ መድረሻው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከአባቴ ጋር በቀን ግማሽ ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ፊቱን ሳላይ የማወራ ልጅ ብሆን ምን ዓይነት ልጅ እባል ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ጥያቄውም ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አልረዳኝም። የለመድሁትን ጸሎት ትቼ በራሴ ቃል ብቻ መጸለይ ጀመርሁ። ሁለት ወር ያህል ከቆየሁ በኋላ ግን የምናገረውን ሳጤነው፣ ሥራዬ፣ ጤናዬ፣ ቤቴ፣ የሚያስፈራኝ ነገር እያለ በእኔው ዙሪያ የሚዞር ሆኖ አገኘሁት። በራስ ቃል መጸለይ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔ ግን መሪ እንደሚያስፈልገኝ ተረዳሁ። ያን ጊዜ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን ከፍቼ ጸሎቱ የተሰጠበትን ቦታ አነበብሁ። ጌታ ይህን ጸሎት ማስተማር የሚጀምረው በቁጥር 9 ላይ ሲሆን፣ ጥቂት ቀደም ብሎ በቁጥር 7 ላይ አሕዛብ እንደሚያደርጉት ቃልን በከንቱ መደጋገም እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ከዚያ ልማድ እንድንወጣበት የተሰጠንን ጸሎት እኔ በዚያው ልማድ ስጸልየው መኖሬ አሳዘነኝ።

ስለዚህ ወደዚያው ጸሎት ተመለስሁ፤ አካሄዴን ግን ለወጥሁ። ማለዳ ስልኬን ከመንካቴ በፊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጸሎቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ድምፄን አውጥቼ እጸልያለሁ። ከዚያም ለዚያ ሳምንት ወደ መረጥሁት አንድ መስመር ተመልሼ እርሱን ብቻ ቀስ ብዬ እላለሁ፤ ዝም እላለሁ፤ እንደገና እላለሁ። ሐሳቤ ሲሄድብኝ ራሴን ሳልወቅስ ከዚያው መስመር መጀመሪያ እነሣለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። አንድን ቃል ደጋግሞ መጸለይ ያው ከንቱ ድግግሞሽ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል መናገሩን ማቴዎስ 26፥44 ላይ ሳነብ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ ከንቱ የሚያደርገው ልብ አብሮ አለመኖሩ ነውና። ቀትርና ማታ ደግሞ ሙሉውን ጸሎት አንድ አንድ ጊዜ እጸልያለሁ። ይህን የሦስት ጊዜ ልማድ የወሰድሁት ዲዳኬ ከተባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ ሲሆን፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ጸሎቱ ከሰፈረ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ እንዲጸለይ ታዝዟል። ከሦስቱ የከበደኝ የቀትሩ ነበር፤ ሥራ አቋርጦ መቆም ቀላል አይደለም። ሆኖም የማለዳዋን መስመር ከቀኑ ሩጫ መካከል መልሶ የሚያመጣልኝ እርሱ ስለሆነ ልተወው አልፈለግሁም።

«አባታችን ሆይ» የሚለው የመጀመሪያው ቃል በአንድ ሳምንት አልወጣልኝም፤ ሦስት ሳምንት ቆየሁበት። መጀመሪያ የያዘኝ «አንተ» ማለታችን ነው። ለምናከብረው ሰው «እርስዎ» ማለት የለመደው አንደበታችን፣ ሰማይንና ምድርን ለፈጠረው ግን «ስምህ»፣ «መንግሥትህ»፣ «ፈቃድህ» ይላል። ልጅ በአባቱ ፊት ያለውን ድፍረት ጌታ ራሱ በአፋችን ማስቀመጡን ሳስብ፣ ከዚያ በፊት እንደ ማመልከቻ አቅራቢ ከበር ቆሜ ስጸልይ መኖሬ ገባኝ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ችን» ናት። ጸሎቱን ከላይ እስከ ታች ብንፈትሸው «እኔ» የሚል አንድም ቦታ የለም፤ አባታችን፣ እንጀራችንን፣ ስጠን፣ በደላችንን፣ በለን፣ አታግባን፣ አድነን ነው የሚለው። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቆጵርያኖስ ይህን ጸሎት ሲያብራራ፣ «አባቴ» ወይም «ስጠኝ» እንደማንል፣ ስንጸልይም ለሕዝቡ ሁሉ እንደምንጸልይ አስተምሯል። ብቻዬን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ችን» ስል አብረውኝ የቆሙት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ጀመርሁ፤ ይህ ጥያቄ በኋላ የት እንደሚያደርሰኝ ግን አላወቅሁም ነበር።

በ«ስምህ ይቀደስ» እና በ«መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ያሳለፍኋቸው ሁለት ሳምንታት ደረቅ ነበሩ፤ የጠበቅሁት የልብ መነካት አልመጣም፤ ቢሆንም በየማለዳው መቀመጤን አልተውሁም። «ፈቃድህ ... ትሁን» ላይ ስደርስ ግን ጌቴሴማኒ ተመልሳ መጣች። በማቴዎስ 26፥42 ጌታ ጽዋውን በተመለከተ ለአባቱ ያቀረበው ቃል ለደቀ መዛሙርቱ ካስተማረው ቃል ጋር በግሪኩ አንድ ነው። ያስተማረንን እርሱ ራሱ በጭንቅ ሰዓት፣ በግንባሩ ተደፍቶ ጸልዮታል። ከዚያ ወዲህ ይህችን መስመር በቀላሉ ማለት አልቻልሁም።

«የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» በሚለው ሳምንት ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበብሁት ዘጸአት ምዕራፍ 16ን ብቻ ነበር። እስራኤል መናውን በየማለዳው ለዕለቱ የሚበቃቸውን ያህል እንዲሰበስቡ ታዘዙ፤ ለነገ ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተም። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የሚቀጥለውን ወር፣ የሚቀጥለውን ዓመት ስሰበስብ የማድር ሰው ነኝ። በግእዙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» የሚለው ሐረግ የየዕለቱን ሲሳይ እንጂ የዓመቱን እንደማይለምን በልጅነቴ የነገረኝ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ጭንቀቴ ጠፋ አልልም፤ ግን ሌሊት ስነቃ «ዛሬ» የሚለውን ቃል ብቻ እያልሁ መልሼ መተኛት ተማርሁ።

ከዚያ ወደ ይቅርታው መስመር ደረስሁ፤ ለአንድ ሳምንት ያሰብሁት ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። «እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውን ስጸልይ የአንድ ወዳጄ መልክ ይመጣብኛል። ገንዘብ አበድሬው ነበር፤ ሊመልስ ቀርቶ ከሰው ፊት መበደሩን ካደ። ያበደርሁትን በአንድ የማስታወሻ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ከነቀኑ በሦስት መስመር ጽፌ፣ ከታች ድምሩን አስምሬበት ነበር፤ ገጹ ደጋግሜ ከመግለጤ የተነሣ ጠርዙ ተቆልምሟል። እንዳለመታደል ሆኖ፣ ወይም ይልቁን እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ በዚያው ሳምንት የማቴዎስ የግሪክ ቃል በቀጥታ ሲተረጎም «ዕዳ» ማለት እንደሆነ አነበብሁ፤ «ዕዳችንን ተውልን፣ እኛም ባለዕዳዎቻችንን እንደተውን» ማለት ነው። ግእዙም «ኅድግ ለነ» ሲል «ተውልን» ማለቱ ነው። ይቅር ማለትን እንደ ስሜት ስጠብቀው ነበር፤ ቃሉ ግን ከተጨበጠ እጅ ስለመልቀቅ ይናገራል።

ጌታ ጸሎቱን አስተምሮ እንደጨረሰ መልሶ ያብራራው ይህንኑ አንድ ልመና ብቻ መሆኑም አላስተኛኝም፤ ቁጥር 14ንና 15ን ያነበበ ሰው ያውቀዋል። አንዳንድ ማለዳ መስመሯን ዘልዬ ወደ «ወደ ፈተና አታግባን» ሄጃለሁ። አንድ ቀን ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ «አባታችን» ስል ያ ሰው በ«ችን» ውስጥ እንዳለ ታየኝ። አባቴ አባቱ ነው። «እንጀራችንን ስጠን» ስል ለእርሱም እንጀራ እየለመንሁ ኖሬአለሁ፤ «ከክፉ አድነን» ስልም እንዲሁ። የደብተሩን ገጽ አልቀደድሁትም፤ በድምሩ ላይ ግን መስመር ሳብሁበት። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላም አልሁት፤ እርሱ ስለ ገንዘቡ ምንም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። የካደው ነገር እውነት አልሆነም፤ ወደፊትም ገንዘብ አላበድረውም። ዕዳውን ግን ከእንግዲህ አልጠይቀውም።

በዚህ ጉዞ ደጋግሜ የወደቅሁበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እንደ እኔ ማንበብ የሚወድ ሰው በዚያው ይወድቃል። ስለ ቃላቱ ትርጉም ማወቅ ስጀምር የማለዳው አሥር ደቂቃ የጥናት ሰዓት ሆነብኝ። ስለ እግዚአብሔር እያሰብሁ ለእግዚአብሔር አንድም ቃል ሳልናገር የተነሣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ንባቡን ወደ ማታ አዛወርሁት፤ ማለዳ ግን መጽሐፍም ደብተርም ከአጠገቤ አይኖርም። ሌላው ደግሞ ሳምንቱን በግድ በሰባት ቀን ለመዝጋት መቸኮሌ ነው፤ መስመሯ ካልለቀቀችኝ መቆየት፣ ደርቃ ከቆየችም ሳልቆጣ ማለፍ እንደሚሻል የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጸሎቱን አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እየዞርሁበት ነው። ሙሉውን ስጸልየው ዛሬም ብዙ ደቂቃ አይወስድብኝም። «የበደሉንን» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ የሚቀንስባቸው ማለዳዎች አሁንም አሉ፤ ያን ጊዜ ወደፊት አልቀጥልም፤ ወደ «አባታችን» ተመልሼ እንደገና እጀምራለሁ።