በእርሳስ የተጻፈ ቀጠሮ

ሪፖርት ጽፎ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይቺን ሐረግ ያውቃታል፦ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ»። ቦታዋ «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ሥር ነው። ከጎኗ «የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚል አለ። እዚያ ደግሞ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል። አለቀ። ሽንት ቤት ካልተቆፈረ ምክንያቱ እሷ ናት። እናቶች ቤታቸው ከወለዱም እሷው ናት። እኔ ለአራት ዓመት ያህል በየወሩ ጽፌያታለሁ። አንዳንዴማ ካለፈው ወር ገልብጬ፣ ቀኑን ብቻ ቀይሬ።

ነርስ ነኝ። ያኔ የምሠራው ገጠር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍል ነበር። ራስ ምታት የሆነብን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው። የመጀመሪያውን ልጁ 9 ወር ሲሞላው ይወስዳል። ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም ነው መደበኛው ፕሮግራም ውስጥ የገባው፤ የሚሰጠውም በ15 ወር ነው። በመሃል ልጆቹ ይጠፉብናል። ልጁ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል፣ ጤነኛ ነው፣ ወላጅ ሥራ አለበት፣ ማን ያስታውሳል? እኛ እንደዚያ ነበር የምንለው። ወረዳው ግምገማ ላይ ቁጥራችን ዝቅ ብሎ ሲታይ ኃላፊያችን ተነሥቶ «ኅብረተሰቡ ገና ነው፤ ብዙ ይቀረዋል» አለ። ኅብረተሰቡ አዳራሹ ውስጥ ስላልነበረ የተቃወመ የለም።

ከግምገማው በኋላ ትእዛዝ መጣ፦ ያቋረጡትን ቤት ለቤት ሄዳችሁ ፈልጉ። ሐሙስ ጠዋት ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር የ14 ልጆች ስም ይዘን ወጣን።

ጉዱ የፈላው ሦስተኛው ቤት ላይ ነው። ልጁን የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። እናቱ ዓረብ አገር ከሄደች መንፈቅ አልፏታል። እማማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ልጁ አጠገባቸው ከሰፌዱ ምስር እየዘገነ ይበትናል። «ቤት ለእንግዳ» ብለው መደብ ላይ አስቀመጡን። እኔም ትምህርቴን ጀመርኩ። ክትባት ለልጅ እንዲህ ነው፣ ኩፍኝ እንዲህ ያደርጋል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይመታል። በቃሌ ነው የማውቀው። እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲያልቅ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ፌስታል ይዘው ወጡ። ፌስታሉ ውስጥ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ የክትባት ካርድ። ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም። የኔ የነርስነት ዲፕሎማ እንደዚያ አልተያዘም።

ካርዱ ጎን ላይ በእርሳስ ሦስት ቀን ተጽፏል። ጥቅምት 11። ጥቅምት 25። ኅዳር 9። ሁለቱ ላይ ሰረዝ ተደርጓል። ጥቅምት 25 ላይ ያለችው 5፣ ቆቧ እንደ ባርኔጣ ወደ ፊት ወጥቷል። የኔ 5 ናት። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሲሾፍባት የኖረች።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው እማማ?» አልኩ። እያወቅሁት ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ።

«ያንቺው ነዋ ልጄ። ረሳሽኝ?» አሉ። ቁጣ የለበትም። «ሁለት ሰዓት መንገድ አዝዬው እመጣለሁ። አስር ልጅ ካልሞላ አይከፈትም አላችሁኝ። እኔ አንዱን ይዤ መጣሁ፤ ዘጠኙን በዚህ ዕድሜዬ ከየት ልውለድ?»

የጤና ኤክስቴንሽኗ ሳቋ አመለጣት። እኔ ካርዱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ለማያውቅ ላስረዳ። የኩፍኝ ክትባቱ የሚመጣው ከአውራ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ነው፤ እኛ ቫያል እንላታለን። ውስጧ ደረቅ ዱቄት ነው። የፕላስቲክ ክዳኗን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይነሣል። ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር መበጥበጫ ይጨመራል። ለአንድ ልጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ ለ10 ልጅ ይሆናል። ችግሩ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን። የተረፈው ይደፋል። እና አንድ ልጅ ብቻ ሲመጣ ምን ይደረግ? መመሪያው ግልጽ ነው፤ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ይላል። ሥልጠናው ላይ ሰምቼዋለሁ። ፈርሜ አበል የወሰድኩበት ሥልጠና ነው።

ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብክነት ነው። ስንት ቫያል ተከፈተ፣ ስንት ልጅ ተከተበ፣ ካልኩሌተር አውጥቶ። የመለስነውን ልጅ የሚጠይቅ የለም። መዝገቡም ላይ «የተመለሰ» የሚል መስመር የለም፤ የሚያውቀው የተከተበውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቫያል የሚቆጥብ ነርስ ጎበዝ ይባላል። እኔ ጎበዝ ነበርኩ።

ያን ቀን 14ቱንም ቤት አዳረስን። በ9ኙ ካርድ ላይ የእርሳስ ቀጠሮ አለ፤ ወይ የኔ ወይ የባልደረባዬ ጽሑፍ። ሁለቱ ቤተሰቦች አገር ለቀዋል። ሁለቱ ካርዳቸው ጠፍቷል። አንድ አባት ብቻ የመጀመሪያው መርፌ ልጄን አተኮሰብኝ፣ ሁለተኛ አላስወጋም ብሎ በሩን ዘጋብን። ይሄ እንግዲህ የግንዛቤ ማነስ ሊባል ይችላል። ከ14 አንድ።

ማታ ሻይ ላይ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። «ሲስተሙ ነው እንጂ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለችኝ አንዷ። ልቤ በጣም ወደደው። ግማሹ ደግሞ እውነት ነው፤ ብክነት ብቻ የሚቆጥር ወረዳ እንደኔ ዓይነት ነርስ ያፈራል። ሲስተሙ ግን እርሳስ ይዞ ካርድ ላይ አይጽፍም።

ፋርማሲ የሚሠራው ልጅ ማንበብ ይወዳል፤ ይህን ሲሰማ የቀድሞዋን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን አመጣብን። በ1987 እ.ኤ.አ ለአንድ የሴቶች መጽሔት በሰጡት ቃለ ምልልስ ሰዎች ችግራቸውን ኅብረተሰቡ ላይ ይጥላሉ፣ ኅብረተሰብ የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ያሉት ግለሰቦችና ቤተሰቦች ናቸው ብለው ነበር። «አየሽ? ሪፖርትሽ ላይ ያለው ኅብረተሰብ የለም» አለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። አንደኛ፣ ሴትዮዋ የወቀሱት ከመንግሥት የሚጠብቀውን ሕዝብ ነው። እኛ ጋ የተገለበጠ ነው። ጥፋቱን ኅብረተሰቡ ላይ የሚጥለው ቢሮው ነው። በ1967 ዓ.ም ደርግ ኅብረተሰብአዊነትን ሲያውጅ ቃሉ ምን ያህል ክብር ነበረው! ዛሬ በየሪፖርቱ ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል፣ ያውም በሌለበት።

ሁለተኛ፣ ኩፍኝ የታቸርን ነገር አይቀበልም። ክትባት በሌለበት አንድ የታመመ ልጅ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። እሱን ለማቆም ከመቶው 95ቱ መከተብ አለበት። ዘጠኝ ወር ያልሞላው፣ ገና መርፌ የማይደርሰው ሕፃን የሚተርፈው የጎረቤት ልጆች ስለተከተቡ ነው። ታዲያ ይሄ ኅብረተሰብ ካልሆነ ምንድን ነው? አለ እንጂ። እኔ ስሙን የምጠራው ለጥፋት ብቻ ሆኖ ነው።

ዓርብ የወሩ ሪፖርት ነበር። «ያጋጠሙ ችግሮች» ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ካቋረጡት 14 ልጆች 9ኙ መጥተው ልጅ አልሞላም ተብለው በእኛ የተመለሱ ናቸው።» ኃላፊያችን አነበበው። መነጽሩን አውልቆ እንደገና አነበበው።

«ይሄ አይላክም» አለ።

«ለምን? እውነት አይደለም እንዴ?»

«እውነትማ ነው። እኛን ያስጠይቀናል እኮ። ‹ከአቅርቦትና ከግንዛቤ ጋር በተያያዘ› ብትይው ምን አለ?»

ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ሲታመም በሌሊት ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ «በእኛ» የሚለውን አውጥተን «በባለሙያ» አልነው። ያም ሆኖ እሱ አልፈረመበትም፤ እኔ ፈረምኩ። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዝውውር ጠይቄ ነበርና ይበላሽብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ክትባት ክፍሉ ቅዳሜ አይሠራም፤ እኔ ግን ለእማማ «ከገበያው ጋር አድርገው ይምጡ፣ ይከፈትልዎታል» ብያቸው ነበር። «አስሩ ባይሞላም?» ብለው ሁለቴ ጠይቀውኛል። ቁልፉን ተቀብዬ ከጠዋቱ ገባሁ። የፍሪጁን ቴርሞሜትር አየሁ፤ 4 ይላል፤ ከ2 እስከ 8 መሆን አለበትና ደህና ነው። ተቀምጬ ጠበቅሁ።

አራት ሰዓት ላይ መጡ። የልጅ ልጃቸውን አዝለዋል። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች፣ ልጅ ያዘሉም ልጅ የሚጎትቱም።

«ዘጠኝ አልሞላልኝም» አሉኝ፣ ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «አራት አገኘሁልሽ።»

ካርዶቹን አየሁ። ሁለቱ ልጆች ክትባታቸውን ጨርሰዋል። አንዷ ገና የ7 ወር ናት። በትክክል የሚገባው ለአንዱ ብቻ ነው። ከእሳቸው ልጅ ጋር ሁለት። ብልቃጧን አወጣሁ፤ ክዳኗን በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ ቀጭ አለ። ሁለቱም ልጆች ክፍሉን በለቅሶ አናጉት። የስምንት ልጅ ክትባት ማታ ተደፋ። ሲደፋ አሁንም ሆዴን ይቆርጠዋል፤ አልዋሽም።

የ7 ወሯ ሕፃን እናት ልትወጣ ስትል እማማ መለሷት። ካርዷን ከእጇ ወስደው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ለዚችም ቀኗን ጻፊላት» አሉ።

የሁለት ወር ቀን ቆጠርኩና እርሳሴን አነሣሁ። እማማ እጄን ያዙኝ።

«በእስክሪብቶ ልጄ» አሉ። «በእስክሪብቶ።»