ፎርሙ የሚያውቀው የድሮውን አባቴን ነው

ፋፍሳ፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪ የመንግሥት እርዳታ የሚጠይቅበት ፎርም፣ መሙላቱ ራሱ ከባድ አይደለም። አካውንት ከፈትኩ፣ አባዬም የራሱን ከፈተ፣ የታክስ መረጃችን ከአይ አር ኤስ (ከፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ) በቀጥታ እንዲመጣ ሁለታችንም ፈቀድን። አንድ ምሽት በቃው። (ያን ፈቃድ ያልሰጠ ቤተሰብ ልጅ ከፌዴራል መንግሥት እርዳታ አያገኝም። አትዝለሉት።)

ጉዱ የመጣው ስንት እርዳታ እንደማገኝ የሚነግረው የኮሌጁ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። የ2025-26 ትልቁ ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ) 7,395 ዶላር ነበር። ለእኔ የተጻፈው 2,495። ቤታችን ስድስት ነን። ደሞዝ ይዛ የምትገባው እናቴ ብቻ ናት። አባዬ ወገቡን ታሞ ትራክ መንዳት ካቆመ ከርሟል።

ስሌቱን ያወቅኩት ከተናደድኩ በኋላ ነው። ፋፍሳ ገቢን፣ የቤተሰብ ብዛትንና ንብረትን አይቶ ኤስ ኤ አይ የሚባል ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ለተማሪው ይሻላል፤ ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ድረስ ይወርዳል። ገቢው ከቤተሰቡ ብዛት አንጻር ዝቅተኛ የሆነ ቤት ልጅ ሙሉውን ያገኛል። ለሌላው ግን ኤስ ኤ አዩ ከ7,395 ላይ ይቀነሳል። የእኔ 4,900 ነበር። ቀንሱት።

4,900 ከየት መጣ? ከ2023 ታክስ። ፎርሙ የሚያየው ሁለት ዓመት ወደኋላ ነው። በዚያ ዓመት አባዬ ቅዳሜ እሁድ ሳይል ነድቷል።

የኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ከስክሪኗ ቀና ሳትል «ቁጥሩን የሚያወጣው መንግሥት ነው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ! እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የነገረችኝ ግማሽ እውነት ነው። ፎርሙላውን መቀየር አይችሉም። ፎርሙላው ውስጥ የሚገባውን ገቢ ግን ይችላሉ፤ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ፕሮፌሽናል ጃጅመንት ይባላል። ሥራ ማጣት፣ ገቢ መቀነስ፣ ኢንሹራንስ ያልሸፈነው የሕክምና ወጪ ሲኖር ማስረጃ አይተው ያስተካክላሉ። እሷ አልጠየቀችኝም። እኔም አባቴ ሥራ የለውም ማለት አፍሬ «አነሰብኝ» ብቻ ነው ያልኩት። የቤትን ጓዳ ለባዳ አይነገርም ተብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ያ ጨዋነት ውድ ዋጋ አስከፈለኝ።

ለመጀመሪያው ሴሚስተር ተበደርኩ። መንገዱን የነገረችኝ በኦክቶበር አንድ የክፍል ጓደኛዬ ናት። የኮሌጁ መመሪያ «ሁኔታውን በዝርዝር ይግለጹ» ስለሚል ሦስት ገጽ ጻፍኩ። የአባዬን ሌሊት ሌሊት መንዳት፣ የእናቴን ድካም፣ ሁሉን። «ሥራ ያቆመበት ቀን አልተጠቀሰም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ አልሞላም፦ ያቆመበት ቀን፣ ያኔ የሚያገኘው፣ አሁን የሚገባልን። የአሠሪው ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀትና የእናቴ የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀቶች ተያይዘው። ዝርዝሩን ለዘመድ ተርኩ፤ ለቢሮ ቀንና ቁጥር ስጡ።

አምስት ሳምንት ቆይቶ ሙሉው 7,395 ተፈቀደልኝ። የጎደለው ሲመጣ ብድሩን መክፈል ሲገባኝ ላፕቶፕ ገዛሁበት። እሱን በሌላ ሰው አላሳብብም።

ኮሌጆች ደብዳቤው እስኪደርሳችሁ ጠብቁ ይላሉ። እኔ አትጠብቁ ባይ ነኝ። ፋፍሳውን እንደላካችሁ ለኮሌጁ ደውሉና «ፕሮፌሽናል ጃጅመንት» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፤ ውሳኔው የኮሌጁ ስለሆነ ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ቦታ የለም። በዚህ መሃል ኮርስ አትጣሉ። ከ12 ክሬዲት ወደ 9 ከወረዳችሁ ፔሉም 75 በመቶ ይሆናል።

የ2026-27 ፎርም የሚያየው የ2024ን ታክስ ነው። አባዬ በዚያ ዓመት የነዳው ሦስት ወር ነው። ወረቀቶቹን ከወዲሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስገብቻለሁ።