ቀጠሮው እስኪደርስ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት

የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ኅዳር ላይ ነው፤ በቪዲዮ፣ ለንደን ካለ ባለሙያ ጋር። እዚህ ጎጃም ለፆታ ማንነት ጉዳይ በግልጽ የተከፈተ ክሊኒክ ስለሌለ ትራንስ ወንድ፣ ማለትም ሲወለድ ሴት የተባለ ወንድ፣ አማካሪ የሚያገኘው በስልክ ነው። እስከዚያው ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም።

መጀመሪያ ሰዓቱ። መልእክቱ ላይ «2:00» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አድርጎ የሚያነበው ብዙ ነው። የለንደን ከሰዓት በኋላ 2:00 በኅዳር ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ያው ቀጠሮ ሚያዝያ ላይ ቢሆን 10 ሰዓት ይሆናል። ደግሞስ 11 ሰዓት ሰው ሁሉ ቤት የሚገባበት፣ ቡና የሚፈላበት ሰዓት አይደል? የእነሱን ጠዋት 9:00 መጠየቅ ይሻላል፤ ለእኛ ቀትር 6 ሰዓት ነው፣ ግቢው ጭር ይላል።

የጭቃ ግድግዳ ምሥጢር አይጠብቅም። የጆሮ ማዳመጫ የባለሙያውን ድምፅ ይደብቃል እንጂ የተናጋሪውን አይደብቅም። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎረቤት አይሰማም፤ ችግሩ ባለሙያውም አይሰማም። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ነገር እዚያው በጽሑፍ መላክ እንደሚቻል አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል። ሰው ድንገት ከገባ የሚባል ቃልም ያስፈልጋል፦ «የእንግሊዝኛ ትምህርቱን እንቀጥል» ስል ወሬው ወዲያው እንዲቀየር። ይህ ጥንቃቄ አልበዛም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ስለ ትራንስ ሰው አያነሣም። ሰፈር ግን አንቀጽ እየቆጠረ አይፈርድም።

የመጀመሪያው ቀን ፈተና አይደለም፤ ሰውነት የሚያይም የለም። ስሜቱ መቼ እንደጀመረ፣ ጡት ማጎጥጎጥና የወር አበባ ሲመጣ ምን እንደተሰማ፣ «አንቺ» ሲባል ምን እንደሚሆን፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያውቅ፣ ይህን ሁሉ ባለሙያው ይጠይቃል። ከየዕድሜው ሁለት ሦስት መስመር ጽፎ መያዝ ይረዳል፤ ሰዓቱ ሲደርስ አፍ ይተሳሰራልና። ሰው «ትክክለኛውን ታሪክ» አጥንቶ ይገባል፣ ጥርጣሬውንም ይደብቃል። ባለሙያው የሚሠራው ግን በዚያው በጥርጣሬው ነው። ጠበል መወሰድም ከነበረ ይነገር፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የፆታ ማንነትን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጋር አስቀምጦታል። እዚህ ያለው ሰው ይህን እስኪሰማ ጊዜ ይፈጃል።

በመጠበቂያው ወራት ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በደረት ነው። ደረት በፋሻ አይታሠርም። የሚለጠጥ ፋሻ ውሎ ሲያድር እየጠበቀ ትንፋሽ ይከለክላል፣ የጎድን አጥንት ያሳምማል፣ ቆዳ ይልጣል። ልኩ የሆነ የደረት ማጠበቂያ ልብስ ቢገኝ እንኳ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይለበስም፤ አይተኛበትም፤ ሲያመው ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ወዲያው ይወልቃል። የማርቆስ ብርድ በዚህ በኩል ባለውለታ ነው፦ ጋቢ የደረበ ሰው ደረቱ ምን እንደሚመስል ማን ይጠይቀዋል?

ቴስቶስትሮንን፣ የወንድነት ሆርሞኑን፣ ከቀጠሮው በፊት በራስ መጀመር በሚለው ግን አልስማማም። መድኃኒቱ ቀይ የደም ሕዋስን ያበዛል፤ ደም ሲወፍር የመርጋት አደጋ ይከተላል። እንደኛ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ቀይ የደም ሕዋሱ ገና ከመነሻው ከፍ ሊል ይችላል፤ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው። የደሙን መወፈር ለመከታተል ነው በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ ደም የሚታየው። የድምፅ መጎርነን እንደ ወር አበባ መቆም አይደለም፤ መድኃኒቱ ቢቋረጥም አይመለስም። የወር አበባ መቆሙም እርግዝናን አይከላከልም።

እስከዚያ የሚጠቅመው ሙሉ የደም ምርመራ ነው፤ ተራ ላቦራቶሪ ይሠራዋል፣ ሲቢሲ ይሉታል። ውጤቱ መነሻ ስለሚሆን ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ነው። ላቦራቶሪው የሚጽፈው የመታወቂያውን ስም ይሁን፤ የምጠራበትን ስም ለባለሙያው ራሴ እነግረዋለሁ።