ፕላስቲክ መግዣ ስከፍት ከቆራሌዎች የተማርኩት

ባዶ ሃይላንድ እገዛለሁ። ቦታዬ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። ቆራሌዎችና የጽዳት ማህበር ሠራተኞች ያመጡልኛል፤ እኔ አስለይቼ ለፕላስቲክ ፈጪዎች አስረክባለሁ። ከእነሱ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ሥራውን እንዴት እንደጀመርኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ካፒታሉንና ማሽኑን ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ። እኔን እዚህ ሥራ ላይ ያቆየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሃይላንዱን የሚያመጣልኝ ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳመጣው፣ መቼ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማወቅ።

መነሻው ከባድ አይደለም። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ የማያጭበረብር ሚዛን፣ ብዙ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት፣ በየቀኑ በእጅ የሚከፈል ብር። ግቢውን የተከራየሁት እቁብ ሲደርሰኝ ነው። ከኪራዩ በፊት ግን የሰፈሩን እድር ሄጄ አነጋገርኩ። ጎረቤት የሚፈራው ሽታ፣ አይጥና እሳት ነው፤ ፍርሃቱም ልክ ነው። በበጋ የደረቀ የፕላስቲክ ክምር አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። ግቢው ውስጥ ምግብ የነካ ነገር እንደማይገባ፣ ሲጋራ እንደማይጨስ፣ ማታ ዘበኛ እንደሚኖር ለእድሩ ዳኛ ቃል ገባሁ። ፈቃዱ ከወረዳ ነው የሚገኘው። ሰላም የሚገኘው ግን ከእድሩ ነው።

ሃይላንድ ክብደት የለውም፤ ቦታ ግን ይበላል። ግማሽ ሊትር የሚይዙት ከ50 በላይ ሆነው ነው አንድ ኪሎ የሚሞሉት። ስለዚህ መጠቅጠቅ ካልቻላችሁ የመኪና ኪራዩ ትርፉን ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ነገር መለየት ነው። ነጩ ለብቻ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው ለብቻ፣ ክዳኑ ለብቻ። ክዳኑ ከጠርሙሱ የተለየ ፕላስቲክ ነው። ተፈጭተው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል። ፈጪው ይህን ያውቃል፤ ያልተለየ ጭነት ስትወስዱለት ዋጋውን ይቆርጣል። ዋጋው ራሱ ደግሞ ከእኛ ቁጥጥር ውጭ ነው። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አዲሱ ፕላስቲክ ይረክሳል፣ የእኛ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ በአጭር ጊዜ መልመድ ይቻላል። ሰው መልመድ ነው ጊዜ የሚወስደው።

በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር። ቆሻሻ ላይ የሚሠራውን ብትቆጥሩ ድርሻው ከዚህም የሚበልጥ ይመስለኛል። እኔ ጋ የሚመጡት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ የመጡ ናቸው። አዲስ ሰው ከተማ ሲገባ ዋስ የማይጠይቀው ሥራ ይህ ነው። ከረጢት ይዞ፣ ድምፁን አውጥቶ ሰፈር ለሰፈር መዞር። መንገዱን የሚያሳየው ቀድሞ የመጣ የአገሩ ልጅ ነው። በአዳር እየከፈሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ይተኛሉ። ጠዋት ከእኔ መነሻ ብር ይወስዳሉ፣ ማታ ዕቃ ያስረክባሉ። ቆርቆሮውና ብረቱ መርካቶ ወዳለው ምናለሽ ተራ ይሄዳል፣ ሃይላንዱ እኔ ጋ ይቀራል።

ለዓመታት ሥራዬን የሚመራው የገበሬ ወራት ነበር። የጎጃሞቹ አጨዳና ውቂያ ጨርሰው፣ ጥምቀት ሲደርስ ይመጣሉ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፤ ከየአዳራሹ የሚወጣው ሃይላንድ ብዛቱ አይጣል ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ እንደገና ይመጣል። ሰኔ ሲገባ ሁሉም ለእርሻ ይመለሳሉ። ግቢዬ ጭር ይላል፤ ሐምሌና ነሐሴ የሚመጣው ጭቃ የተለወሰ ትንሽ ዕቃ ነው። ይህን ሳውቅ ከሚያዝያ ጀምሮ ማጠራቀም ያዝኩ። ለፈጪውም የክረምቱን ጭነት ቀድሜ ተዋዋልኩ። መሄጃቸው ሲደርስ ሒሳባቸውን ሙሉ በሙሉ እዘጋለሁ። ብዙዎቹ ገንዘባቸውን እኔ ጋ ነበር የሚያስቀምጡት። «እትዬ፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ፤ ለማዳበሪያ መግዣ ነው» ይሉኛል። እነሱ ለመሬታቸው የሚያስፈልጋቸውን የአፈር ማዳበሪያ ከእኛ ሃይላንድ ላይ ነው የሚገዙት። አንድ ቀን ሒሳቡ ቢጎድል በሚቀጥለው ጥር ማንም አይመጣም። ስለዚህ ደብተሩን ሁለት አደረግኩት፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሱ ጋ። መጻፍ የማይችለው የሚያምነውን ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

ስለ ቆሼ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቆሼ ባለበት ረጲ ላይ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመር ኖሯል። ክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ፣ ሥራውም እዚያው ስለሆነ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አካባቢ የተሠራው አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ተዘጋ። መኪኖቹ ወደ ረጲ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ቤቶቹን ዋጣቸው። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ናቸው። አገሪቱ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች።

እዚያ የሚለቅሙ ሰዎች ለእኔም ይሸጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰንዳፋ ገበሬዎች ሌላ ሰው ሲያማርር ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ገበሬው መሬቱን ለቆሻሻ ሲለቅ የት ይሄዳል? ወደ ከተማ መጥቶ ከረጢት ሊይዝ ነው። ቆሻሻውን ከከተማ አርቀን ስንጥል ችግሩን ያራቅነው ይመስለናል፤ ሰውየው ግን ዞሮ ደጃችን ይመጣል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ጥሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርጥብ የምግብና የአትክልት ትራፊ ነው፤ እሱ ደግሞ በደንብ አይነድም። በደንብ የሚነደው ደረቁ ፕላስቲክና ወረቀት ነው፣ ቆራሌው የሚኖርበት። ስለዚህ ዕቃው ከቤት በር ላይ፣ ከገንዳው በፊት ካልተለየ ለማንም አይሆንም። ከገንዳ የወጣ ሃይላንድ መግዛት ያቆምኩት ለዚህ ነው። መርፌና ስብርባሪ ጠርሙስ ውስጥ እጁን የሚከት ልጅ ማየትም አልፈለግኩም።

የሚመጣው ሰው መለወጥ የጀመረው ከ2013 ዓ.ም. በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ብዙ ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ወደ ሁመራና መተማ፣ ወደ ሰሊጥ እርሻ ይሄድ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ያ መንገድ ተቆረጠ። «ሁመራ ነበር የምሄደው» የሚሉ ልጆች ግቢዬ በር ላይ መታየት ጀመሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያው ሲበረታ፣ ሰኔ ላይ መመለስ የነበረባቸው ሳይመለሱ ቀሩ። መንገድ ይዘጋል፣ መሬቱን የሚያርስ አይገኝም። ጥቂት ቆይተው ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው መጡ። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የቆዩ ቤተሰቦችም አሉ። ለብቻው መጥቶ ወራት ሠርቶ የሚሄደው ወንድ፣ አሁን ቤት ተከራይቶ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት ያለበት አባወራ ሆነ። ክረምቱ ጭር ማለቱ ቀረ። ለእኔ ንግድ ጥሩ ነው ሊባል ይችላል። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ያ ሰው እዚህ የቀረው ወዶ አይደለም።

ሴቶቹ ሲመጡ ግቢውን ለወጥኩት። ሕጻን ያዘለች እናት ሰፈር ለሰፈር መዞር አትችልም። መለያ ጠረጴዛ አሠራሁ፣ ከላዩ ጥላ፣ አጠገቡ ውሃ። በለዩት ኪሎ እከፍላለሁ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከእኔ ነው። ጥራቱ ወዲያው ተሻሻለ፤ ፈጪው ዋጋ መቁረጥ አቆመ። ከእነሱ አንዷ ከሳዑዲ የተመለሰች ናት። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ በባዶ እጃቸው ከመጡት መካከል ነበረች። ሰው ቤት ዓመታት ስለሠራች ሥራ ማደራጀት ትችላለች፤ አሁን የመለያውን ክፍል የምትመራው እሷ ናት። የወሎ ልጆች አጠገቧ ተቀምጠው በጅቡቲና በየመን በኩል ስላለው መንገድ ይጠይቋታል። ለደላላ የሚከፍሉትን ብር ከሃይላንድ የሚያጠራቅሙ እንዳሉ አውቃለሁ። እሷ ያየችውን ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች። የቀሩ አሉ፣ የሄዱም አሉ። እኔ ማንንም አልከለክልም፤ አጠራቅሞ የጠየቀኝን ብሩን እሰጠዋለሁ። የእሱ ነው።

ገንዘብ ማስቀመጡ አሁን ቀንሷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ ብዙዎቹ በዚያው ወደ ቤተሰብ መላክ ጀመሩ። ድሮ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ነበር የሚላከው። አሁን ማታ ተመዝኖ፣ ተከፍሎ፣ እዚያው ይላካል። ችግሩ መታወቂያ ነበር። ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያላመጣ ሰው የአዲስ አበባ መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ማህበር ውስጥ መግባት አይችልም። ቀበሌው በውጊያ ምክንያት ከተዘጋ መሸኛውን ማን ይጽፋል? ፋይዳ፣ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ ከመጣ ወዲህ ቢያንስ ሲም ካርድና የባንክ ሒሳብ ላይ ቀለል ብሏል። ያልተመዘገቡትን አንድ ላይ ይዤ ሄጄ አስመዘገብኩ። የሥራ ቀን አባክኗል፤ ግን ከዚያ ወዲህ ክፍያዬ በሙሉ መዝገብ ላይ ይታያል። ባንክም ብድር ስጠይቅ ያየው እሱን መዝገብ ነው።

ከተማው ራሱም እየተንቀሳቀሰ ነው። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ፣ ቆራሌው ለዓመታት የሚያውቃቸው በሮች አብረው ተነሱ። «አሮጌ ነገር አስቀምጬልሃለሁ» የምትለው እናት ገላን ጉራ ሄዳለች። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ዘበኛው አያስገባም። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ከኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ጋር መነጋገር ነው። ሁለት ቆራሌዎችን በፎቶና በስልክ አስመዘግባለሁ፤ ቀን ተቆርጦላቸው ይገባሉ። ነዋሪው ሃይላንዱን በረንዳ ላይ ለይቶ ያስቀምጣል። የሚገርመው፣ የተመደበ ሰው እንደሚመጣ ሲያውቅ ነዋሪው ያለ ቅስቀሳ ይለያል።

ያልተፈታው በማህበራቱና በቆራሌዎቹ መካከል ያለው ግጭት ነው። የማህበር ሠራተኞች ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ ነዋሪው የሚከፍለው ከውሃ ቢል ጋር ነው፣ እነሱ የሚከፈላቸው ባስረከቡት መጠን ነው። ቆራሌው ቀድሞ ጥሩውን ሲወስድ «የእኛን ወሰደ» ይላሉ። ቆራሌውም «እኔ ገንዘብ ከፍዬ ነው የገዛሁት» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ደግሞ በአብዛኛው ከተለያየ ገጠር፣ በተለያየ ዘመን የመጡ ናቸው። ማህበር የገቡት ቀድመው መጥተው መታወቂያ ያወጡት ናቸው፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ከአንዱ ማህበር ጋር አሁን የተስማማነው እንዲህ ነው። ቆራሌዎቹ የኮንዶሚኒየሞቹንና የሱቆቹን ሃይላንድ ይይዛሉ፣ ማህበሩ የግቢ ቤቶቹን። ሁለቱም እኔ ጋ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ማህበሩ በየዓመቱ ሠራተኛ ሲለቅበት መጀመሪያ ከቆራሌዎቹ መካከል ይወስዳል፤ መሸኛ ለሌላቸው በፋይዳ እንዲመዘገቡለት ወረዳውን በጽሑፍ ጠይቀናል። መልሱ ገና አልመጣም። እስከዚያ ድረስ መሸኛ የሌላቸውን ሦስት አባወራዎች በመለያው ጠረጴዛ ላይ በደመወዝ ይዣቸዋለሁ።