በሩ ሲንኳኳ፦ ለታዳጊዎች አስፈሪ መጽሐፍ ስመርጥ የከረምኩባቸው 8 ወራት

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ልጅ ነው። 13 ዓመቱ ነው። መጽሐፍ ስሰጠው ሁለት ገጽ ያነብና ስልኩን ያነሳል። ባለፈው መስከረም እኛ ቤት ያደረ ዕለት መብራት ጠፋ። ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ነበር። ሻማ ለኩሰን ቁጭ ብለን "አክስቴ፣ የሚያስፈራ ነገር አውሪልኝ" አለኝ። አያቴ ልጅ ሳለሁ የነገረችኝን የጅብ ተረት ጀመርኩለት። ጅቡ ደጃፍ ላይ ቆሞ በሰው ድምፅ "ክፈቱልኝ" የሚልበት ቦታ ስደርስ ልጁ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦታል። ስጨርስ "ሌላ" አለኝ። ስለ መጽሐፍም ሆነ ስለ ተረት "ሌላ" ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ሳምንት ለዕድሜው የሚሆኑ አስፈሪ መጻሕፍት መፈለግ ያዝኩ። እኔ ራሴ ሆረር አንባቢ አልነበርኩም። ስለዚህ እኔም ከዜሮ ነው የጀመርኩት። ቀስ በቀስ የጎረቤት ልጆችና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተጨመሩ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳችን ላይ 9 ልጆች ይሰበሰባሉ። ትንሿ 12፣ ትልቁ 16 ዓመታቸው ነው። እናንተም ከልጆች ጋር የምታነቡ ሰዎች ስለሆናችሁ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የመረጥኩት ፍራንከንስታይንን ነበር። ትልቅ ስም ስለሆነ። አነሳሱን ስነግራቸው ሁሉም ጆሯቸውን ሰጡኝ። እ.ኤ.አ. በ1815 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በዚያ ሳቢያ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ሙቀት ሳታይ ከረመች። ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ዝናብ ቤት ያዋላቸው ወጣቶች፣ ገጣሚው ሎርድ ባይረን ባመጣው ሐሳብ፣ እያንዳንዳቸው አስፈሪ ታሪክ ለመጻፍ ተስማሙ። ከእነሱ አንዷ የፍራንከንስታይን ደራሲ ሜሪ ሼሊ ናት፤ ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፏ በ1818 ሲታተም ስሟ እንኳ አልተጻፈበትም። "18 ዓመት? እህቴን ታክላለቻ!" አለች አንዷ።

መጽሐፉን ስገልጥ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። መግቢያው የመርከብ አዛዥ ለእህቱ የሚጽፈው ረጅም ደብዳቤ ነው። እንግሊዝኛውም ከባድ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስት ልጆች ሳይመጡ ቀሩ። ያኔ አንድ ነገር ሞከርኩ። ወደ መሐል ዘልዬ፣ ፍራንከንስታይን የሚባለው ሰው የሠራው ፍጡር ራሱ የሚተርክበትን ክፍል በአማርኛ እያወራሁ አነበብኩላቸው። ፍጡሩ ጎጆ ሥር ተደብቆ፣ በግድግዳው ስንጥቅ አንድ ቤተሰብ እያየ ቋንቋ የሚማርበት ቦታ ላይ ደረስን። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ "ክፉው እሱ አይደለም፤ ሠርቶ ጥሎት የሄደው ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ረጅም የድሮ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር አለበት የሚለውን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ልጁን የሚይዘውን ገጽ አስቀድሜ እፈልጋለሁ። ከወደደው መጀመሪያውን ራሱ ተመልሶ ያነበዋል። ሁለቱ እንደዚያ አድርገዋል።

ከሁሉ በላይ የሠራልኝ ግን አጭር ልብ ወለድ ነው። የደብልዩ ደብልዩ ጃኮብስ "የጦጣው መዳፍ" በ1902 የወጣ ነው። በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ባልና ሚስት ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከህንድ የተመለሰ ወታደር የደረቀ የጦጣ መዳፍ ይዞ ይመጣል። ሦስት ምኞት ይፈጽማል ይባላል። አባትየው 200 ፓውንድ ይመኛል። በማግስቱ ገንዘቡ ይመጣል፤ አመጣጡ ነው አስፈሪው።

አንድ ጥሩ የለበሰ ሰው ቤታቸው ደጅ ላይ ይቆማል። ሊገባ ይልና ይመለሳል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ይህን ሳነብ ትንሿ ልጅ በሹክሹክታ "መርዶ ነጋሪ ነው" አለች። ገና ምንም ሳይነገር! የእንግሊዝ ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደሚሰማው እንጃ። የእኛ ልጆች ግን ሰው በር ላይ ቆሞ መግባት ሲያቅተው ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ሁሉም ዝም አሉ።

መጨረሻ ላይ ሌሊት በሩ ይንኳኳል። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። እዚያ ቦታ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁና የጠረጴዛውን እግር ቀስ ብዬ ሦስት ጊዜ መታሁ። "ከበሩ ወዲያ ምን ይታያችኋል?" ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ዘጠኙም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። አንዱ የሥራ ልብስ አየ። አንዷ ምንም መልክ አላየችም፣ የጫማ ድምፅ ብቻ ሰማች። ጸሐፊው በሩ ላይ ያለውን አይገልጽልንም። እያንዳንዱ ልጅ የሚፈራውን ከራሱ ያመጣል። ፊልም ላይ ሁሉም ያው አንድ ፊት ነው የሚያየው። ለምን መጽሐፍ እንደማነብላቸው በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የኤድጋር አለን ፖን "ተናጋሪው ልብ" አነበብን። የ1843 ሥራ ነው። ተራኪው "እብድ አይደለሁም" እያለ ሲምልልን ይበልጥ ያስፈራል። ለ14 ዓመትና ከዚያ በላይ እላለሁ፤ ግድያ አለበት። ከብራም ስቶከር "ድራኩላ" ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ብቻ ወሰድኩ። ሙሉ በሙሉ አንድ ወጣት ጠበቃ ወደ ድራኩላ ቤተ መንግሥት ሲጓዝና እዚያ ሆኖ የጻፈው የቀን ማስታወሻ ናቸው፤ ለብቻቸው ይቆማሉ። ጠበቃው ጢሙን ሲላጭ ድራኩላ አጠገቡ ቆሞ መስታወት ውስጥ የማይታይበት ቦታ አለ። የእህቴ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ስር ተገትሮ ነበር አሉኝ።

እነዚህ ሁሉ የቅጂ መብታቸው ያለፈ ስለሆነ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ስልክ ላይ አውርዶ ማንበብ ይቻላል። ገንዘብ የሌለው ልጅ ከማንም እኩል የሚያነብበት መንገድ ይህ ነው፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። የፓትሪክ ኔስ "ኤ ሞንስተር ኮልስ" በ2011 የወጣ ነው። ሐሳቡ የሌላ ደራሲ፣ የሺቮን ዳውድ ነበር፤ ሳትጽፈው በካንሰር ሞተች። የ13 ዓመት ልጅ እናቱ በጠና ታማለች። ሌሊት 12፡07 ሲል ትልቅ ዛፍ የመሰለ ጭራቅ መስኮቱ ላይ ይመጣል። በእንግሊዝ አገር ሰዓት ነው፤ ለእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አለፍ ሲል ማለት ነው። አንብቤው አልቅሻለሁ። ከሁሉም የበለጠ የወደድኩት እሱ ነው። ስለወደድኩት ቸኩዬ ጥር ላይ ለአንድ ልጅ ሰጠሁት። ዝምተኛ፣ ጎበዝ አንባቢ ነው። በሳምንቱ መለሰልኝ። "ከበደኝ፣ እትዬ" ብቻ አለ። እንግሊዝኛው መስሎኝ ነበር። እናቱ አልጋ ላይ መሆናቸውን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው።

እስካሁን ያንን ሳስብ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። መጽሐፉ መጥፎ አይደለም። ምናልባት ለእሱ አንድ ቀን ትክክለኛው መጽሐፍ ይሆናል። ግን የሚመርጠው እሱ መሆን ነበረበት። አሁን ማንኛውንም መጽሐፍ ከመስጠቴ በፊት ስለ ምን እንደሆነ በግልጽ እናገራለሁ። "ውስጡ የታመመች እናት አለች" እላለሁ። የሞተ ሕፃን ካለ እናገራለሁ። ታሪኩ ይበላሽ እንደሆን ይበላሽ። ሌላም ደንብ አለን፦ ማንም ልጅ በማንኛውም ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ ቢመልስ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የሚገርመው፣ ይህን ካወጅኩ በኋላ ሳይጨርስ የመለሰ አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ወላጆችም ነበሩ። አንዲት እናት መጥተው "ልጄን መንፈስ ልታስለምጂብኝ ነው?" አሉኝ። ቅር አላለኝም። መንፈስ የሚለው ቃል እኛ ጋር ከባድ ነው፤ ከጸበሉም ከቅዱሱም ጋር አብሮ የሚጠራ ነው። ቅዳሜ መጥተው አብረውን እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። መጡ። የጦጣውን መዳፍ ነበር የደገምነው። ሲወጡ "ይሄ እኮ ስለ ስግብግብነት ነው" አሉ። አሁን ልጃቸውን ራሳቸው ያመጡታል።

ከአዳዲሶቹ ስለ ሦስቱ ብቻ ላውራ። ለ12 ዓመቷ የአር ኤል ስታይንን ጉዝበምፕስ ሰጠኋት። ከ1992 ጀምሮ የወጣ ተከታታይ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ብቻ 62 መጻሕፍት አሉት። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዱ ልብ አንጠልጥሎ ያበቃል። መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ጋር አራቱን በርካሽ አገኘሁ። ለ13ና 14 የጆናታን ስትራውድ "ሎክዉድ ኤንድ ኮ" ይሆናል። ለንደን በሙታን መንፈስ ተወራለች፤ የሚያያቸውና የሚሰማቸው ልጅ ብቻ ነው። መከላከያቸው ብረትና ጨው ነው። "አያቴም አራስ ብረት ሳትይዝ ደጅ አትወጣም ትላለች" አለ አንዱ፣ እና ግማሽ ሰዓት የየቤቱን ወግ ሰማን።

ሦስተኛው የንኔዲ ኦኮራፎር "አካታ ዊች" ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ነው ታሪኩ። ሰኒ የምትባለው የ12 ዓመት ልጅ መብራት በጠፋበት ሻማ ላይ አፍጥጣ የዓለምን መጨረሻ ታያለች። በረንዳው ላይ ያሉት ልጆች መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ማንም እንዲያስረዳቸው አያስፈልግም። ሕፃናትን የሚያፍን ሰው ስላለበት ለ13 ዓመት ወደ ላይ አድርጌዋለሁ።

ትልልቆቹ የስቲቨን ኪንግን "ኢት" ይጠይቁኛል፣ ፊልሙን ስላዩ። አልሰጥም። ጀግኖቹ ልጆች ስለሆኑ ብቻ መጽሐፉ ለልጅ አይሆንም። ውስጡ ለአዋቂ የተጻፈ ነገር አለ። ይህን በግልጽ እነግራቸዋለሁ፤ ይነጫነጫሉ፣ ግን ምክንያቱን ሲሰሙ ይቀበላሉ።

መጋቢት ላይ ሌላ ነገር ጀመርን። አልቪን ሽዋርትዝ የሚባል አሜሪካዊ በ1981 የሕዝብ አስፈሪ ተረቶችን ሰብስቦ ለልጆች አሳትሟል። ሥዕሎቹ በጣም ያስፈራሉ፤ በ1990ዎቹ ከአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ይውጡ ተብለው በብዛት ከተጠየቁት መጻሕፍት ቀዳሚ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ከኋላው ያለው ማስታወሻ ነው። ተረቶቹን ከየት እንዳገኛቸው ይጽፋል። ልጆቹን "እናንተም ሂዱና አምጡ" አልኳቸው። በአማርኛ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን አስፈሪ መጽሐፍ ብዙ አላገኘሁም፤ አያቶች ግን በየቤቱ አሉ።

የሐረር ጅብ መጣ። ጭራቅ መጣ። ወንዝ ዳር ፀጉሯን የምታበጥር ሴት መጣች። ከዚያ አንዱ የቡዳ ታሪክ አመጣ። በቀን ሸክላ የምትሠራ ሴት ሌሊት ጅብ ሆና ትወጣለች። በጥሩ ሁኔታ ነው ያወራው። ልጆቹ ተንቀጠቀጡ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያስፈራኝ። ይህ ታሪክ ድራኩላ አይደለም። በዚህ ወሬ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ስንት ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ሰው አላገባቸውም፣ አብሯቸው አልበላም። ልጁን አላሳፈርኩትም። "ይህን ታሪክ ሴትየዋ ራሷ ብትነግረን እንዴት ትነግረን ነበር?" ብዬ ጠየቅኩ። ከፍራንከንስታይኑ ፍጡር ጋር ያገናኘችው ያችው የ15 ዓመቷ ልጅ ነች። ለቀጣዩ ሳምንት በሴትየዋ አፍ ጽፋው መጣች። ሌሊት ወጥታ የምትሄደው ውኃ ለመቅዳት ነው፤ ቀን ምንጩ ላይ ስለማያስጠጓት። ጨለማ ውስጥ የሚከተላት ኮቴ የመንደሩ ሰዎች ነው። ከሰማናቸው ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነበር።

እስከ ሚያዝያ መጨረሻ 11 ታሪክ በአንድ ባለ 100 ገጽ ደብተር ላይ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ ሎክዉድን ጨርሶ ሁለተኛውን ይዟል። ዝምተኛው ልጅ ሳይቀር ይመጣል፤ ጥግ ይዞ ያዳምጣል፣ እኔም ምንም አልጠይቀውም። የእናቱን ጤና በየሳምንቱ ከአክስቱ እሰማለሁ።

አሁን የጎደለኝ ለ15ና 16 ዓመት ልጆች የሚሆን፣ በአማርኛ የተጻፈ አስፈሪ አጭር ልብ ወለድ ነው። ያላችሁ ጠቁሙኝ። አያታችሁ የነገሯችሁ ተረት ካለም፣ ከየትኛው አገር እንደሆነና ማን እንደነገራችሁ ጨምራችሁ ጻፉልኝ። ደብተሩ ላይ ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለ።