ልክክ ብሎ ነበር የገባው

ሦስት ቀን ሆነኝ፤ አሁንም ፊቴን ስታጠብ ይመጣብኛል።

የሥራ ማመልከቻ ፕሪንት ላስደርግ፣ ፍላሼን ይዤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ ገባሁ። ግንቦት ነው፤ የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቤቱ መመረቂያ ጽሑፍ በሚያስጠርዙ ተማሪዎች ጢም ብሏል። ልጅቷ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ የፊቱ አይሠራም፤ ከኋላ ይሰኩት» አለችኝ።

ጋሼ! ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጆሮ ግንዴ ላይ ያለችውን ሽበት ያመጣት የቤት ኪራይ ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም። ይሁን፣ አለፍሁት። ግን የኮፒ ቤት ኮምፒውተር ሁሉ የፊት ቀዳዳው የሚሞተው ለምንድን ነው? በሕይወት ያለ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ጠረጴዛው ሥር ተንበረከክሁ። ሲፒዩው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቷል፤ ጨለማ ነው። በዳበሳ ሰካሁ፤ እምቢ። ገልብጬ ሰካሁ፤ እምቢ። መልሼ ገለበጥሁት፤ ይኼኔ ልክክ ብሎ ገባ። እውነት ለመናገር ትንሽ ኮራሁ።

«ጋሼ፣ ፍላሹ አላነበበም።»

«ኮምፒውተርሽ ቫይረስ ይኖርበታል» አልሁና እዚያው እንደተንበረከክሁ ሌክቸር ጀመርሁ። የሚያናድደኝ የተናገርሁት ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። ዩኤስቢ የሚባለው የፍላሽ መሰኪያ በ1996 እ.ኤ.አ. እንደወጣ፤ ቀዳዳው ውስጥ ምላስ የመሰለች ፕላስቲክ እንዳለች፣ ፍላሹ ሲገለበጥ እሷን እየገጨ እንደሚመለስ፤ ከ4ቱ መስመሮች ሁለቱ 5 ቮልት መብራት፣ ሁለቱ ዳታ እንደሚያመላልሱ ነገርኋቸው። «ምልክቱን ወደ ላይ አድርጉ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ሲፒዩው ሲቆም ቀዳዳውም አብሮ ይቆማል፣ ላይ የሚባል ነገር የለም!» አልሁ። በሁለቱም ፊት የሚገባ ይሁን ቢባል ሽቦው በዝቶ ዋጋው ይወደድ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2014 ታይፕ ሲ እስኪመጣ ዓለም ሁሉ ሲገለብጥ ኖረ። ከእግሮቹ መሀል አንዱ «አሃ» ሲል ሰምቻለሁ።

«እስቲ ላብራልዎት» አለች ልጅቷ፤ ስልኳን ይዛ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ… የኢንተርኔቱ ገመድ መሰኪያ ውስጥ ነው የከተቱት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ልጅ ለማረጋገጥ የራሱን ስልክ አበራ። ሌላውም ቀጠለ። ሰባት የሚሆን ስልክ ጠረጴዛው ሥር ቦግ አለ። ወገን፣ ደመራ እንኳ እንዲህ ሲበራ አላየሁም! መሀሉ ላይ የተተከልሁት እኔ ነኝ፤ በእንብርክኬ፣ ጀርባዬን ለሕዝብ ሰጥቼ። ዙሪያዬን ችቦ ይዘው ቆመዋል። እየዞሩ መዝፈን ብቻ ነው የቀራቸው። የሱሪዬ የኋላ ስፌት ትንሽ ተተርትሯል፤ እሱም በደንብ በራለት። ከኋላ አንዱ፣ «ቀጥታ ኢንተርኔት ላይ እየጫኑት ነው» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

በዚያ ብርሃን ግን አንድ ነገር አየሁ። ያ ጉደኛ ቀዳዳ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ነው ያለው። ስፋታቸውም አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ወደ 12 ሚሊ ሜትር። የዩኤስቢ ቀዳዳ ለገዛ ዕቃው ሁለቴ በሩን ዘጋ፤ 8 ሽቦ ለሚገባበት የተሠራው የኔትወርክ ቀዳዳ ደግሞ እንደ አማች ተቀበለው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ብቻ ነው?

ልጅቷ ነቅላ፣ ሰክታ፣ ሁለት ገጽ አትማ ሰጠችኝ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሒሳቡን ወርውሬ ወጣሁ።

ጣና ዳር ሄጄ ጀበና ቡና አዘዝሁ፤ ቢያንስ ታንኳ ላይ ያሉት ሰዎች አያውቁኝም። ኪሴን ስዳብስ ፍላሹ የለም።

ማታ የእህቴን ልጅ ላክሁት። «ፍላሽ የረሳ ሰው ልኮኝ ነው በላት፤ ዝርዝር ውስጥ አትግባ» አልሁት። ዝርዝርም አላስፈለገ። በቁራጭ ወረቀት ጠቅልላ፣ በእስክርቢቶ ጽፋበት አስቀምጣው ነበር፦ «የኢንተርኔቱ ጋሼ»።

«ጋሼ» የሚለውን ሁለቴ አስምራበታለች።